አባቴ የተከላት ጥላ



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የኒም ዛፍ ነው። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ፣ ከቤታችን በር ላይ፣ መርሑም አባቴ የተከላት ነበረች። ዙሪያዋን የድንጋይ መደብ ሠርቶላት ነበር። የድሬዳዋን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል። ከገበያ ዘንቢል ተሸክማ የምትመለስ ሴት እዚያ መደብ ላይ አረፍ ትላለች። ቁርኣን ቤት የሚሄዱ ልጆች ሉሓቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ይጫወታሉ። ሽማግሌዎች ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ ይጨዋወታሉ። አባቴም አንድ እንስራ ውሃ ከነኩባያው አያጓድልም ነበር።

አባቴ ወደ አኺራ በሄደ በሦስተኛው ዓመት ያቺን ዛፍ ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ። ቦታው ላይ ሱቅ ሠርቼ ላከራይ አስቤ ነበር። መደቡ ፈረሰ፣ ሱቁ ተሠራ፣ ኪራዩም መጣ።

እናቴ ምንም አልተናገረችም። ግን ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተወች። ስኳር ስላለባት ሐኪሙ በየቀኑ እንድትራመድ መክሯት ነበር። «ለምን ወጣ አትይም?» ስላት፣ «ወጥቼ የት ልረፍ?» ትለኛለች። አንድ ቀን የሱቁን ኪራይ ስሰጣት ገንዘቡን በእጇ ይዛ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ የኔና የአንተ ነው። የአባትህ ድርሻስ የት አለ?» አለችኝ።

ወላሂ፣ መልስ አጣሁ። አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ በተመገበ ቁጥር ሰደቃ እንደሚሆንለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን እንደሚያመጣም አስጠንቅቀዋል። ጥላውን ላቆሸሸ ይህ ከተባለ፣ ጥላውን ከነግንዱ የጣለውስ ምን ሊባል ነው? እኔ የቆረጥኩት እንጨት መስሎኝ ነበር። ለካ በቀብር ውስጥ ላለው አባቴ በየቀኑ ይደርሰዋል ብለን ተስፋ የምናደርገውን ሰደቃ ነው የቆረጥኩት።

ከዚያ በኋላ ከተማዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ድሬዳዋ በ1902 (እ.ኤ.አ.) የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በባቡር ጣቢያው በኩል ያለው ከዚራ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ግራና ቀኛቸውን ዛፍ ያለብሳቸዋል። የእኛ መጋላ ደግሞ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ አንዱ ግንብ ለሌላው ጥላ ይሆነዋል። አሠራራቸው ቢለያይም ሁለቱም በእግሩ የሚሄደውን ሰው ከፀሐይ ይከልላሉ።

ይህን አስቦ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ይሉታል። ብዙዎቻችን እንደሚመስለን አበባ ማሳመር ብቻ አይደለም። ዛፉ የት ይተከል፣ የደከመው የት ይቀመጥ፣ የዝናቡ ውሃ በየት ይውረድ ብሎ ሕንፃው ሳይቆም ማቀድ ነው። ዛፍ ፀሐይ ከመጋረዱም በላይ በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ አትንኖ አየሩን ያቀዘቅዛል፤ አስፋልትና ሲሚንቶ ግን ቀን የዋጡትን ሙቀት ማታ መልሰው ይተፉታል። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን ግንብ ከሚያዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል እንደወጡ፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ እንደወሰዱ አሳይተዋል። እናቴ ይህን ጥናት አላነበበችም፤ በጉልበቷና በስኳሯ ግን ታውቀዋለች።

ውሃውንም ቢሆን በ1998 ዓ.ም. ክረምት አይተነዋል። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። የተራቆተ ተራራ ዝናብ አይዝም፤ ወደ ታች ይለቀዋል። ከላይ የሚቆረጠው ዛፍ ከታች ያለውን ሰው ቤት ይነካል።

የሱቁ ተከራይ ውል ሲያበቃ አላሳደስኩለትም። የሱቁን ግማሽ አፍርሼ፣ መደቡን መልሼ ሠርቼ፣ አንዲት የኒም ችግኝ ተከልኩ። ኪራዩ በግማሽ ቀነሰ፤ ቤታችን ግን አልጎደለበትም፣ አልሐምዱሊላህ። እናቴ የውዱእ ውሃዋን እያጠራቀመች ታጠጣታለች። ችግኟ ገና ከወገቤ አልበለጠችም፤ ለማንም ጥላ አትሆንም። እናቴ ግን ከዐስር በኋላ ጃንጥላዋን ዘርግታ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ጎረቤቶቿም መምጣት ጀምረዋል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቤት ስትሠሩ፣ መስጂድም ስታንጹ፣ ለዛፍና ለመቀመጫ የሚሆን ቦታ አስቀድማችሁ ተዉ። ከበራችሁ ፊት ያለው ጥላ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የአላፊ አግዳሚው አማና ነው። ቂያማ ቢደርስ እንኳ በእጃችን ያለውን ችግኝ እንድንተክል ተመክረናል፤ እኛ ደግሞ ገና ጊዜ አለን።

አላህ የእኔን ጥፋት ይቅር ይበል፤ ለአባቴም የተቋረጠበትን ይመልስለት። አሚን።