«ማጣሪያ አለን» ብሎ መዘናጋት

ውድ እናቶች፣ «ቤታችን የውሃ ማጣሪያ አለ» ብላችሁ ተዘናግታችሁ እንደሆነ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩና።

እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ እኛም ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በጀሪካን እናጠራቅማለን። የምንጠጣውን ደግሞ ሻማ የሚመስል ነጭ ሸክላ በተገጠመለት ማጣሪያ እናጣራለን። አንድ ሰሞን ማጣሪያው እየዘገየ ቢያስቸግረኝ፣ ከሥራ እንደ ገባሁ ሸክላውን በችኮላ በሽቦ ፈትጌ መለስኩት። በማግሥቱ ውሃው ከቀድሞው ፈጠን ብሎ ወረደ፤ ደስም አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የሦስት ዓመት ልጄ በተቅማጥ ተይዞ ዓይኑ ጎደጎደ። ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ነርሷ «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ስትለኝ፣ «የተጣራ ነው» አልኳት በኩራት። «ማጣሪያውንስ ፈትሸሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ሸክላውን አውጥቼ በመብራት ባየው ከግርጌው ተሰንጥቋል። ለካ ውሃው የፈጠነው ሳይጣራ በስንጥቁ እያለፈ ኖሯል!

እንግዲህ እህቶቼ፣ ማጣሪያ ስትገዙ ተለዋጭ ሸክላ የሚገኝለት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድፍርስ ውሃ ሳይጠልል አትጨምሩበት። መውረዱ ሲዘገይ እጃችሁን ታጥባችሁ ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ እሹት፤ ሳሙናም ሽቦም አይንካው። ከተሰነጠቀ ወይም ከሳሳ ለውጡት። ውሃው በድንገት ከፈጠነም ተጠራጠሩ።

የሸክላ ማጣሪያ ብዙውን ባክቴሪያ ቢያስቀርም እጅግ ደቃቅ የሆኑትን ቫይረሶች ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ለሕፃናት የሚሰጠውን ውሃ ማፍላት ይበጃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለውን የክሎሪን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የታከመውን ውሃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ጣሳ እየተነከረበት የሚቀዳ ውሃ መልሶ ይበከላል።

ልጄ ድኗል፣ ተመስገን። እኔም ዘወትር እሑድ ጠዋት ማጣሪያውን ፈትቼ አያለሁ። እናንተም ይህን ጋዜጣ አስቀምጣችሁ የራሳችሁን ብታዩት ምን ይመስላችኋል?