በቦረና ከብት አርቢዎች ቤት የዋልኩበት ቀን

በከተማ ለምንኖር እናቶች ወተት ማለት ጠዋት ከሱቅ የሚገዛ በላስቲክ የታሸገ ነገር ነው። ዋጋው ሲጨምር እናማርራለን፤ ሲጠፋም ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን። ከየት እንደመጣና የማን እጅ እንዳለበው ለማሰብ ግን ልጆች ሸኝቶ ወደ ሥራ መጣደፉ ጊዜ አይሰጥም። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ስሆን ኑሮዬ ከዚሁ የተለየ አይደለም። ባለፈው ጥር በያቤሎ ከተማ የምትሠራ ታናሽ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ ግን፣ የሥራ ባልደረባዋ የሆነ አንድ የጤና ባለሙያ ከአክስቱ ቤት ወስዶ አንድ ቀን አዋለኝ። በዚያ ቀን ያየሁትንና የሰማሁትን ለእኅቶቼ ላካፍል እወዳለሁ።

ያቤሎ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አስፋልት ተከትለን፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑትን ቀያይ ኩይሳዎች ግራና ቀኝ እያየን፣ ዱብሉቅ አጠገብ ካለው የአርቢዎቹ መንደር የደረስነው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። የያዝነውን ስኳርና ሻይ ቅጠል ተቀብለው ባለቤቲቱ ሰላምታውን ያዙ። የቦረና ሰላምታ አጭር አይደለም። ልጆች ሰላም ናቸው? ከብቱ ሰላም ነው? አገሩ ሰላም ነው? ዝናቡስ? እያሉ ጠየቁኝ። የወንድማቸው ልጅ እያስተረጎመልኝ፣ «ከብት እንኳ የለኝም» ብላቸው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የዕለቱ ሥራ የሚጀምረው በለቦት ነው። የሚታለቡት ላሞች አራት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ባለቤቲቱ ስሟን ሲጠሩ ላሚቱ ከመንጋው ተለይታ ትመጣለች። መጀመሪያ ጥጃው ተለቆ ጥቂት ይጠባል፤ ወተቱ ሲወርድ ጥጃው ይያዝና ይታለባል። እርሳቸው ሁለቱን ጡት ብቻ አልበው ሁለቱን ለጥጃው ይተዋሉ። «ዛሬ ጥጃውን የነፈገ ሰው ነገ ላም አይኖረውም» አሉኝ። ወቅቱ በጋ ስለነበር ከአራቱም ላሞች የተገኘው ሦስት ሊትር አይሞላም።

ወተቱ የሚገባበት ጮጮ ከዕፀዋት ሥር በሴቶች እጅ የተሠፋ ነው። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በወይራ ፍም ይታጠናል። ጭሱ ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዘዋል፤ መልካም ሽታም ይሰጠዋል። እናቶቻችን ግሬራቸውን በወይራ ሲያጥኑ ያየን ሁሉ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ይሁን እንጂ ማጠኑ ማፍላቱን አይተካም። የጤና ባለሙያው አክስቱን ደጋግሞ እንደሚመክራቸው፣ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች በሽታዎችን ከከብት ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል የልጆቹ ድርሻ ይፈላል።

በቦረና ቤት በወተቱ የሚያዝዙት ሴቶቹ ናቸው። ባለቤቲቱ ያን ጥቂት ወተት ሦስት ቦታ ከፈሉት። አንዱ ለሁለቱ ታናናሽ ልጆች፣ አንዱ ለሻይና ለእርጎ፣ ሦስተኛው ግን በአስፋልቱ ዳር የሚሸጥ ነበር። የሚሸጠው ለምን እንደሆነ የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

ረፋድ ላይ ከብቱን ተከትለን ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ቱላ የሚባሉት እነዚህ ጥንታዊ ጉድጓዶች እጅግ ጥልቅ ናቸው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ፣ በዜማ እየተቀባበሉ ውሃውን ያወጡታል። በዜማው ምክንያትም ብዙዎች «የሚዘፍኑት ጉድጓዶች» ይሏቸዋል። በበጋ ከብቱ የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው። ውሃው በገንዘብ አይሸጥም፤ አባ ሄሬጋ የሚባለው የውሃ ኃላፊ በሚያወጣው ተራ ብቻ ይታደላል። ተራቸው ሲደርስ ሰባት ከብቶች መጡ። «እነዚህ ብቻ ናቸው?» ብዬ ብጠይቅ አባወራው «ሠላሳ ስምንት ነበሩ» ብለው ዝም አሉ።

ቦረና ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚጠብቅ አገር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ የከብቱም ቁጥር የማይታመን ሆኖ አለቀ። ይህም ቤተሰብ ያን ጊዜ የተረፈው ከመንግሥትና ከእርዳታ ድርጅቶች በተገኘው እህልና የወንድማቸው ልጅ ከደመወዙ እየቀነሰ በሚልከው ገንዘብ እንደነበረ ነገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ቀላ ቀረበ። ይህ ቡና አይወቀጥም፤ ፍሬው ከነገለባው በቅቤ ይጠበስና ወተት ተጨምሮበት ይቀርባል። አባወራው ምርቃቱን ከጨረሱ በኋላ ባለቤቲቱ ወሬውን ወደ ታላቋ ልጃቸው መለሱት። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ናት። በድርቁ ጊዜ ያቋረጠችውን ትምህርት ቀጥላ፣ በመጪው መስከረም ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ያቤሎ ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ቤት መከራየት አለባት።

«ጊደሯ ትሸጥና ልጅቱ ትማር» አሉ ባለቤቲቱ።

«ጊደሯ ከሄደች መንጋው በምን ይተካል?» አሉ አባወራው። «ለታናናሾቿስ ከርሞ ምን ይታለባል? ጥጃውንስ ማን ያበላል?»

አነጋገራቸው የክፉ አባት አነጋገር አልነበረም። ሠላሳ አንድ ከብት የቀበረ ሰው የመጨረሻዋን ጊደር ቢሳሳላት አይፈረድበትም። ባለቤቲቱ ግን ወደ ወንድማቸው ልጅ እያመለከቱ፣ «ከብቱን ሁሉ ድርቅ ወሰደው። ይህን ልጅና ትምህርቱን ግን ድርቅ አልወሰደውም። ያበላን እርሱ አይደለም ወይ?» አሏቸው።

አባወራው ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዳችን፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ፣ «አባባ፣ በእንግዳ ምክር ጊደር አይሸጥም» አልኳቸው። ሳቁና «ዝናቡ ይምጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው ተነሱ። ልጅቱ በራፉ ላይ ለጥጃው ሣር እያቀረበች ሁሉንም ትሰማ ነበር።

እርሳቸው ከወጡ በኋላ ባለቤቲቱ በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ ከጓዳ አምጥተው ዘረገፉልኝ። በአስፋልቱ ዳር የተሸጠው ወተት ዋጋ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ መሆኔን ሰምተው ነበርና አብረን ቆጠርን። የትምህርቱ ጊዜ አሥር ወር ነው፤ የተጠራቀመው ግን ለሦስት ወር የቤት ኪራይ ይበቃል። «ከታናናሾቹ ድርሻ ቀንሰው ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የልጆቹን አልነካም፤ እኔ ሻዬን ያለ ወተት መጠጣት ከጀመርኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው» አሉኝ።

እኅቶቼ፣ የቢሮ ሂሳብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ በጀት ግን እምብዛም አላየሁም። በአራት ላሞች ወተት የዛሬን ጥጃ፣ የዛሬን ሕፃንና የነገን ተማሪ አንድ ላይ ይዘዋል። የጎደላቸው የሰባት ወር ኪራይ ነው፤ እርሱንም ወይ ዝናቡ ወይ ጊደሯ ትሞላዋለች። ወዴት እንዳዘነበለ እስካሁን አልሰማሁም፤ እኅቴ ግን በየወሩ ከደመወዟ ጥቂት ለኪራዩ ልታስቀምጥ ተስማምታለች፤ እኔም የበኩሌን ጨምሬአለሁ።

የእኛም ቤት ሂሳብ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ደመወዝ ሲደርሰን ለዛሬ ምግብ፣ ለኪራይና ለልጆች ትምህርት ስንከፋፍል የምንጨነቀው ያው ጭንቀት ነው። እኔ ከቦረናዋ እናት የተማርኩት ክፍፍሉን ገና ከለቦቱ፣ ማለትም ገንዘቡ እጅ እንደገባ ማድረግን ነው። የነገው ድርሻ ከተረፈው የሚነሳ ከሆነ የሚተርፍ የለም። ወተት ስትገዙም አፍልታችሁ ስጡ፤ ልጆቻችሁም ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ ንገሯቸው።