ሳይቸግር ካሜራ ቅየራ

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ወንድሜ፣ እቁብ ወጥቶልኛል። ካሜራዬን ልቀይር ወይስ ሌንስና ትራይፖድ ልግዛበት?» ሲል ጠየቀኝ። «መልሱን ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጉድ ልንገርህ» አልኩት። ለእናንተም ልድገመው።

አባቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ መሠረት ጉባ ላይ ሲጣል፣ እንደ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዛቸውን ቀስ በቀስ እያስቆረጡ ቦንድ ገዙ። ያን ዓመት በቤታችን ሥጋ ብርቅ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሄደው እንዳያዩት ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። ከመሥሪያ ቤታችን ለጉብኝት እንደምንሄድ ስነግራቸው ታዲያ «አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ ካሜራ ካሜራ ትላለህ። እስቲ ደህና አድርገህ አንሳውና ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው» አሉኝ።

ያኔ የነበረችኝ ባለ 12 ሜጋፒክስል አሮጌ ካሜራ ነበረች። ሁለት ባትሪና ሁለት ሚሞሪ ነበራት፤ ባሕሪዋንም ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። እኔ ግን አፈርኩባት! ለዚህ ለሚያክል ግድብ እሷ ትመጥናለች? ሸጥኳት። የእቁብ ብሬን ጨመርኩበትና ባለ 24 ሜጋፒክስል አዲስ ሚረርለስ ገዛሁ። ኪሴ ባዶ ቀረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

አሶሳ በአውሮፕላን ደርሰን ወደ ጉባ በመኪና ጉዞ ጀመርን። በየፌርማታው አዲሱን ካሜራ አውጥቼ ለጓደኞቼ አሳያለሁ፣ አነሳለሁ፣ እጎርራለሁ። ሚረርለስ ደግሞ እስክሪኑ ወይም የሚታይበት መስኮቱ ሁሌም ስለሚበራ ባትሪ ይበላል። የድሮው ባትሪዬ አይገጥምለት፣ መለዋወጫ የለኝ። ፎቶውም ከድሮው እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ያለችኝ አንዲት ሚሞሪ ገና በመንገድ ተጋመሰች። በዚያ ላይ በአቧራው መሃል ሌንስ ነቅዬ ከጓደኛዬ ሌንስ ጋር ልሞክር አልኩ። በኋላ ሳይ ሰማዩ ላይ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ!

ግድቡ ዘንድ ስንደርስ ምን ልበላችሁ፣ ቃል የለኝም። 1,780 ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት ግንብ ሁለቱን ተራሮች አያይዞ ተገትሯል። ከኋላው የንጋት ሐይቅ ተንጣሏል። እኩለ ቀን ላይ ግን የኮንክሪቱ ንጣትና የውሃው ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል። ያነሳሁት ሁሉ ወይ ነጭ ሆነ ወይ ጭጋግ ለበሰ። ፖላራይዘር የሚሉት ፊልተር ቢኖረኝ የውሃውን ነጸብራቅ ይቀንስልኝ ነበር። ማታ ብርሃኑ ሲለሰልስና መብራቶች ሲበሩ «አሁን ነው!» አልኩ። ትራይፖድ የለኝም። በእጄ ይዤ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ላይ አነሳሁ፤ ተንቀጠቀጠ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ባትሪው ጥርቅም!

አጠገቤ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ እኔ ከሸጥኳት የባሰች አሮጌ ካሜራ ርካሽ ትራይፖድ ላይ ሰክቶ፣ እጁ እንዳያነቃንቃት በሰዓት ቆጣሪው እያስነሳ፣ ረጋ ብሎ ይሠራል።

አባባ የእኔን ፎቶ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩትና «ይሄ ግድቡ ነው ወይስ ጭጋጉ?» አሉኝ። ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው የባልደረባዬ ፎቶ ነው። ቡና ስንጠጣ ሁሌ ፊት ለፊቴ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ሄዶ ያመጣው ነው» ይላሉ። ማን እንዳነሳው አይናገሩም፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ።

ለሰፈሬ ልጅ የሰጠሁትን ምክር እናንተም ውሰዱት። ካሜራ መቀየር ብቻውን አይመጣም፤ ባትሪውን፣ ሚሞሪውን፣ አንዳንዴም ሌንሱን አስከትሎ ነው የሚመጣ። ስለዚህ መጀመሪያ መለዋወጫ ባትሪና ሚሞሪ ያዙ። ቀጥሎ ነፋስ የማይጥለው ትራይፖድ፣ ከዚያ አቧራ መንፊያና የሌንስ ጥላ ይምጣ። ብር ከተረፈ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ፎቶአችሁን ከአዲስ ካሜራ በላይ ሊለውጠው ይችላል።

ዕቃ ማጋበስም ግን በሽታ ነው። ቦርሳው ሙሉ ፊልተር ሆኖ አንድም ደህና ፎቶ የሌለው ሰው አውቃለሁ። አዲስ ካሜራ መግዛትም ሁሌ ጥፋት አይደለም። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሰርግ የምታነሳ አንዲት ጓደኛዬ ደህና ሌንስና ፍላሽ እያላት ፎቶዋ እንደ አሸዋ እየተበተነ ስላስቸገራት ቀየረች፤ ደግም አደረገች። እሷ ችግሯን በስሙ ጠርታ ታውቀዋለች። «ካሜራዬ ምን አቃተው?» ተብላችሁ ባንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ፣ ያቃተው ካሜራው ላይሆን ይችላል።

እኔ አሁን ትራይፖድ ገዝቻለሁ። ለሁለተኛ ባትሪም እያጠራቀምኩ ነው። አባባ በሕይወት ሳሉ ተመልሼ ጉባ እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ ሌላ ሚስማር መትቻለሁ።