አሜሪካ በጣቃ ተጠቅልላ ስትመጣ

አሜሪካ ወደ አገራችን የገባችው በፊልም ወይም በእርዳታ ስንዴ አይደለም፤ በዲቪም አይደለም። እነዚህ ሁሉ ሳይታሰቡ በፊት ግመል ላይ ተጭና፣ በጣቃ ተጠቅልላ መጥታለች። አቡጀዲ ማለቴ ነው። በእኛ በወሎዋ ቢስቲማ አቡጀዲን የማያውቅ ሰው የለም፤ በቁሙ ያልለበሰው እንኳ በመጨረሻ መልበሱ አይቀርም፣ ከፈን ነውና። በቁሙ የሱፍ ኮት ሲያማርጥ የኖረ ሀብታም ያን ቀን ከጎረቤቱ ድሃ ጋር አንድ ዓይነት ጨርቅ ይደርሰዋል።

የዚህ ጨርቅ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ማሳቹሴትስ ይደርሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን የሳሌም ከተማ ነጋዴዎች ያልነጣውን ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመርከብ ጭነው ዛንዚባርና ኤደን ያራግፉት ነበር፤ ከዚያ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል። እጀ ጠባብ ሆነ፣ ሱሪ ሆነ፣ የዘማች ድንኳን ሆነ። ገበያው እየደራ ሄዶ በማርሴይ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተልኮ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። የንግድ ውልም ተፈረመ። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ሲተረክ ስለ ነፃነትና ስለ ክብር ብዙ ይባላል፤ ስኪነርን በረሃ አስቋርጦ ያመጣው ጉዳይ ግን በአብዛኛው የአቡጀዲ ገበያ ነበር።

ለጨርቁ ገበያ ብሎ የመጣውን ሰው ስም አገኘን። የሠራውስ ማን ነው? የአሜሪካ የጨርቅ ኢንዱስትሪ እንብርት በነበረችው በሎዌል ከተማ ማሽኑ ፊት የሚቆሙት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። በደወል ይነሣሉ፣ በደወል ይበላሉ፣ ኩባንያው በሚያስተዳድረው ቤት ብዙ ሆነው ያድራሉ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሳምንት ከ70 ሰዓት በላይ ይሠሩ ነበር። በ1834 ደመወዛቸው ሲቀነስ፣ በ1836 ደግሞ የማደሪያው ክፍያ ሲጨመርባቸው ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ቆየት ብሎም ሣራ ባግሊ የተባለች ሠራተኛ ጓደኞቿን አስተባብራ የሥራው ቀን ወደ አሥር ሰዓት እንዲያጥር ፊርማ አሰባሰበች። ጥጡን የለቀሙት ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር ያላዩት የደቡብ ባሮች ናቸው። ጣቃው ላይ ግን የፋብሪካው ማኅተም እንጂ የእነዚህ ሰዎች ስም አልነበረም።

ኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን በርካሽ አቡጀዲ መጣችና አሜሪካንን ከገበያችን አስወጣች። ለአሜሪካው አቡጀዲ ያለቀሰ ሰው ግን አልሰማሁም፤ ሟቹም ከፈኑ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ስኪነር ከመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መንገዱ ተገለበጠ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት እዚህ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። የእህቴ ልጅም ከቢስቲማ ወርዳ ኮምቦልቻ ስፌት ገባች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ቀኑን ሙሉ የኮት እጅጌ ስትገጥም ትውላለች። ኮቱን ማን እንደሚለብሰው ብጠይቃት ሣቀችብኝ፦ «አጎቴ፣ እኔ የማውቀው እጅጌውን ነው!»

በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23፣ አሜሪካ በዚያው ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ቅጣቱ ለመንግሥት ነው ተባለ፤ እጅጌ የምትገጥመው ልጅ ግን መንግሥት አልነበረችም።

የአሜሪካንን ፋብሪካ ማወደስ የሚሻ ሰው ስለዚህ ከሎዌል ልጃገረዶችና ከጥጥ ለቃሚዎቹ ባሮች ይጀምር። የእኛንም የሚያወድስ ሪባን ቆራጩን ትቶ እጅጌ ገጣሚዋን በስሟ ይጥራት። ደመወዟ የቤት ኪራይዋን የማይችል ከሆነ ግን ውዳሴው ይቅርባትና ጭማሪው ይሰጣት።