በታብሌት ስለ መሥራት
ማታ ከልጆቻችን ጋራ ለመቀመጥ ብለን የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በታብሌት ይዘን እንገባለን። ከዕለታት አንድ ማታ ግን በድረ ገጽ ላይ የምንጽፈውን ረጅም ማመልከቻ ለመፈጸም ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ቁጥር ለመመልከት ወደ ሌላ ገጽ ተሻገርን። በተመለስንም ጊዜ ገጹ እንደ ገና ተከፍቶ ጽሑፋችን በሙሉ ጠፍቶ አገኘነው፤ እንደ ገና ስንጽፍም ተረት የሚጠብቀው ልጃችን ሳይሰማ ተኛ። ምክንያቱ ማህደረ ትውስታው ሲጠብ ማሰሻው ከፊታችን የሌለውን ገጽ ስለሚለቅቀው ነው።

በታብሌት ለሚሠራ ሰው ማሰሻው ገጹን በኮምፒውተር እንደሚታየው ሙሉ አድርጎ ቢያቀርብለት መልካም ነው፤ ይህም በአይፓድ ላይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተገኝቷል። ከሁሉ አስቀድሞ የምንሻው ግን የጻፍነውን እንዲጠብቅልን ነው። እስከዚያው ድረስ ረጅሙን ነገር አስቀድመን በማስታወሻ ጽፈን ኋላ ወደ ገጹ መገልበጥን ልማድ አድርገናል፤ ልጃችንም ተረቱን በጊዜው ይሰማል።