ከምናለሽ ተራ የገዛኋት የሒሳብ መኪና

አንባቢ ሆይ! ቅዳሜ ጧት ሥራ ካልያዘህ ጫማህን ጠበቅ አድርገህ እሰርና ከእኔ ጋር ወደ መርካቶ እንሒድ። ከተክለ ሃይማኖት በእግራችን ተነሥተን፥ ታላቁን አንዋር መስጊድ አልፈን፥ ከተሸካሚውና ከጋሪው መካከል እየተሹለከለክን ስንጓዝ ጆሮህ በመዶሻ ድምፅ መደንቆር ሲጀምር፥ ምናለሽ ተራ ደረስን ማለት ነው።

ምናለሽ ተራ ዕቃ ሞቶ የማይቀበርበት ሠፈር ነው። የዘይት በርሜል ተጠፍጥፎ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቀድዶ ጫማ ይሆናል። ቆራሌው ከየመንደሩ በጆንያ ሞልቶ ያመጣው ሁሉ እዚህ ተዘርግፎ ይለያል፤ ብረቱ ወደ ብረት፥ ሽቦው ወደ ሽቦ። ከሽቦው ክምር አጠገብ በአንድ ሸራ ላይ የተሰበሩ ራዲዮኖችና የቆሙ ሰዓቶች ተዘርግተው ታገኛለህ። እኔ ለሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ የተመላለስሁት ወደዚያ ሸራ ነው።

የሸራው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው።

«ምን ጠፋብህ፥ ልጄ?» አሉኝ።

«የድሮ የሒሳብ መኪና ነው፥ አባባ፤ ቍጥሯ አረንጓዴ የሚበራ።»

«ካልኩሌተር? እሱማ ስልክህ ውስጥ አለልህ።»

«የስልኬ አይሳሳትም። እኔ የምፈልገው የምትሳሳተውን ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ስሕተትማ በነፃ ሞልቷል፤ ምነው በገንዘብ ትገዛለህ!» አሉና ከጆንያው ሥር አንዲት አቧራ የለበሰች የጃፓን ሥራ አወጡልኝ። 300 ብር ብለው በ180 ተስማማን።

ይህች ዕቃ እዚህ ሸራ ላይ ከመውደቋ በፊት ምን ያህል የተከበረች እንደ ነበረች ባጭሩ ላጫውትህ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲሶች፥ ጃክ ኪልቢ፥ ጄሪ ሜሪማንና ጄምስ ቫን ታሰል፥ በእጅ የምትያዝ የመጀመሪያዋን ኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና ሠሩ። በ1971 ዓ.ም. ቡሲኮም የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በእውነት ኪስ የምትገባ አወጣ። በ1972 ዓ.ም. ካሲዮ ሚኒ በ12,800 የን ለተራው ሰው ስትቀርብ፥ ሳይንና ሎጋሪዝም የምታወጣው የሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-35 በ395 ዶላር ትሸጥ ነበር። በዚች ውድ መኪና እንኳ አንድ ስሕተት ተገኘባት፤ የ2.02ን ናቹራል ሎጋሪዝም አውጥታ መልሳ ስትገለብጠው፥ 2.02 በማለት ፈንታ 2 ትል ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ እንመለስ። አሮጌ መኪና ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫዋን ነው። ድንጋዩ ውስጧ ሲፈስ ኖሮ ሽቦዎቹ በአረንጓዴ ዝገት ተበልተዋል። ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ነክሬ ጠረግሁ፤ አደረቅሁ፤ አዲስ ድንጋይ አስገባሁ። በትንሿ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አንድ አረንጓዴ 0 ብልጭ አለ። ልቤ መታ። እጄ እየተንቀጠቀጠ 20 ሲካፈል ለ30 አልሁ፤ 0.6666666 አለች። በ150 አባዛሁ፤ 99.99999 ብላ ቆመች። በስልኬ ያንኑ ብሠራ 100 አለኝ።

አንባቢ ሆይ! ለዚህች ቅንጣት ልዩነት ሦስት ወር መመላለሴ ያስገርምህ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በአንድ የክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበር። በ1978 ዓ.ም. በወሩ መካከል የተቀጠሩ 36 ሠራተኞች ከ30 ቀን 20 ቀን ብቻ ስለ ሠሩ፥ የእያንዳንዳቸውን ደመወዝ በመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መኪና 20 ለ30 እያካፈለ፥ የወጣውን በደመወዛቸው እያባዛ አሰላ። 150 ብር ላለው ሰው 100 ብር ሲገባው 99 ብር ከ99 ሳንቲም ጻፈ፤ መኪናዋ ያላለችውን አልጽፍም የሚል ሰው ነበርና። በመጨረሻ ከመዝገቡ ጋር የማይስማማ 24 ሳንቲም ከሣጥኑ ተገኘ። ተቈጣጣሪውም «ከየሠራተኛው ደመወዝ ሳንቲም የሚለቅም» ብሎ ጻፈበት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ የዚያ ዓመት እድገቱም ቀረ። እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝና ታሪኩን የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እርሱ ከቶ አንሥቶት አያውቅም።

መኪናዋ ሌባ አይደለችም። የምትይዘው 8 አኃዝ ብቻ ስለ ሆነ፥ የማያልቀውን 6 ከጫፉ ትቈርጠዋለች፤ መቍረጧንም አትናገርም። አስቀድመህ ብታካፍል የተቈረጠው ቍራጭ አብሮ ይባዛል። አስቀድመህ ብታባዛ ግን፥ 20 በ150 3,000፥ ሲካፈል ለ30 ልክ 100 ይሆናል።

በሚቀጥለው እሑድ መኪናዋን ይዤ አባቴ ዘንድ ሔድሁ። መነጽሩን አድርጎ ራሱ መታት፤ 99.99999 አለች። «አባዬ፥ አሁን መጀመሪያ አባዛ» አልሁት። አባዛ፤ አካፈለ። 100 ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያም እናቴን ጠርቶ፥ «ነይ እስቲ፥ ይህን ተመልከች» አላትና አራተኛ ጊዜ መታው።

አንተም ተማሪ ብትሆን፥ ወይም አዲስ የተቀጠርህ ጸሐፊ ብትሆን፥ ማካፈልን ለመጨረሻ አቈየው፤ የምትሠራበት ዕቃ የት ላይ እንደሚቈርጥም ሳታውቅ ስምህን ከሒሳቡ ግርጌ አትፈርም። ቅዳሜ ሥራ ከሌለህም ሽማግሌው አሁንም ከሸራቸው አጠገብ አሉ። ሎሚና ጥጥ ግን ከቤትህ አዘጋጅ።