አውሮፕላኑ ዞሮ ያልፋል፤ ፍየሏስ?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በመዝገብ ያልታወቀ ተራራ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ደረሰ። ኤር ኢንዲያ በረራዎችን ሰርዞ አውሮፕላኖቹን አስመረመረ። እኔም ነፋስ ስልክ ተቀምጬ የአገሬን ተራራ ወሬ ይበልጥ በዝርዝር ያገኘሁት ከሕንድ ጋዜጦች ነው። (የሰፈሬ ስም ያለ ገመድ ወሬ የሚያደርሰውን መሣሪያ የሚያስታውስ መሆኑ ምፀት ነው።)

ከተራራው በስተደቡብ፣ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የሰመራው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ ምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና መስተዋት ነው። በሞተር ግለት ቀልጦ በተርባይኑ ላይ ይጋገራል። በ1982 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ሰማይ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን አራቱም ሞተሮች የጠፉት በዚሁ ምክንያት ነበር። ዓለም ከዚህ ተምሮ ዘጠኝ የአመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከላትን አቋቁሟል፤ የእኛን ሰማይ የሚጠብቀው በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የኤርትራው ናብሮ በፈነዳ ጊዜም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን ስለ አመዱ ተነግሯቸው ከአዲስ አበባ ቀደም ብለው ተነሥተዋል።

ሰማዩ እንግዲህ ዘበኛ አለው። ምድሩስ?

በአፍዴራ የሰው ሕይወት ባይጠፋም ግጦሹ አመድ ለበሰ። ፓይለት መንገዱን ይቀይራል፤ አርብቶ አደሩ ፍየሎቹን ይዞ በየት በኩል ይዙር? ዕውቀት ጎደለን እንዳይባል፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሰነጠቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ቦታው ድረስ ሄደው አጥንተዋል። ጥናቱ በዓለም መጽሔቶች ታትሟል። ለአፍዴራ ሰው በአፋርኛ የደረሰው ምን ያህሉ ነው?

በእኔ አስተያየት የሰመራው ማረፊያ ከመንገደኛ በላይ ሊያስተናግድ ይገባዋል። ማረፊያ ባለበት መብራት፣ ጥበቃና መገናኛ አለ። የምድርን ንቅናቄ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች መረጃ እዚያ ቢሰበሰብ፣ ማስጠንቀቂያውም በአፋርኛ በሬዲዮ ቢተላለፍ፣ ወጪው ከአንድ አውሮፕላን ሞተር ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም። በጀት የሚያጸድቁት ሹማምንት ወደ ሰመራ የሚሄዱት በአየር ነው፤ ለእነርሱ ቱሉዝ አለችላቸው።